በጉ ጉደር፣ ድንቹ አምቦ

ሦስት ልጆች አሉኝ፤ የራሴ ቤት ግን የለኝም። ይህን ስናገር ከንፈር የሚመጥልኝ ሰው አይጠፋም፤ አይምጠጥልኝ። ትልቋ ልጄ ጎጆ ከተማ ናት፤ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባ፣ ድንችና ገብሱ ግን የተትረፈረፈ አገር ነው። ታናሿ ከአምቦ አለፍ ብሎ ጉደር ናት፤ ግቢዋ ሰፊ፣ ጎረቤቷ ብዙ። ወንዱ ልጄ አምቦ ቢሮ ይሠራል፤ የነቀምቴው መንገድ ዳር የኪራይ ቤት ውስጥ ይኖራል። እኔ እንግዲህ ብርዱ ሲጠናብኝ ወደ ጉደር እወርዳለሁ፣ ወበቁ ሲጠናብኝ ወደ ጎጆ እወጣለሁ፣ ወሬ ሲናፍቀኝ አምቦ እገባለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ምናለ አንድ ቦታ ብትቀመጪ» ይሉኛል። እቀመጣለሁ እኮ፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ነጥቡንና ሰረዙን የምታስተካክልልኝ አምቦ ያለችው የልጅ ልጄ ናት፤ ይህ ታሪክ የራሷ ስለሆነ ግን አንድም ቃል ቀንሳ እንዳታወጣ አስምያታለሁ።

ያን ሰሞን አምቦ ነበርኩ። የምተኛው እሷ ክፍል ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች፤ ሌላውን ሁሉ አልፋ አንድ የተግባር ፈተና ወድቃለች። መምህሩ ድጋሚ እንድትፈተን ፈቅዶላታል። ካለፈች ከጓደኞቿ ጋር ትመረቃለች፤ ካላለፈች እነሱ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሷ ደግሞ አንድ ዓመት ትጠብቃለች። ቀሚሷ ተሰፍቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አባቷ፣ ወንዱ ልጄ፣ ዝምተኛ ነው፤ ስለ ፈተናው አንድ ቃል አይናገርም። ከቢሮ መጥቶ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። የአከራዩ ዶሮዎች እንኳ መንገድ መልቀቅ ለምደው ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አልጋው ላይ ተቀምጬ ላፕቶፗን ስትከፍት አያታለሁ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ አንዲት ነጭ ነገር ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጅቷ አንድ ቃል መታችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ዝም። ቆይቼ ቆይቼ፦

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም አኮ።» አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ቤታችን ሁለቱም ቋንቋ ስለሚነገር የልጅ ልጆቼ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። «እንድናገር እየጠበቀኝ ነው።»

«አንቺስ እሱን እየጠበቅሽው ነው?»

«እኔ እያሰብኩ ነው።»

«እንግዲህ አንዳችሁ ጀምሩ።»

ሳቀችና «ሰላም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «ሰላም» ብሎ መለሰ። ደስ አለኝ። የሰጡትን የሚመልስ ጨዋ ነው አልኩ። «አካም ጂርታ በይው እስቲ» አልኳት፤ እንዴት ነህ ማለት ነው። ጻፈችለት። እሱም «አካም ጂርታ» አለ።

«ነጋ ነው እንጂ የሚባለው፣ ደህና ነኝ» አልኩ። «ሰላምታ በሰላምታ ይመልሳል? ማን ነው ያሳደገው?»

«አኮ፣ የዚህ ፕሮግራም ሥራው የሰማውን መልሶ መናገር ብቻ ነው። ካላቆምኩት እስከ ነገ እንዲሁ ይጠብቃል።» አንድ ነገር ነካች፤ ቃሌን ጨርሻለሁ ማለት ነው አለችኝ፤ እሱም ሥራውን ትቶ ሄደ።

ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ለሰው ስታስረዳ ራሷም ይገባታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ዩኒክስ የሚባል ነገር አለ አለችኝ። እሱ ቤት የሚነሳ ፕሮግራም ሁሉ ሦስት ነገር ይዞ ይነሳል። የእንግሊዝኛ ስማቸው ረጅም ነው፤ መጠሪያ ቁጥራቸው ግን ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ነው።

«ከዜሮ የሚቆጥር ማን ነው?» አልኳት። «ዜሮ ላም ያለው ሰው ላም አለኝ ይላል?»

«እዚያ ቤት ከዜሮ ነው የሚጀመረው፤ ተይው። ዜሮ ጆሮው ነው፤ የሚነገረውን የሚሰማበት። አንድ አፉ ነው፤ መልሱን የሚናገርበት። ሁለትም አፉ ነው።»

«ሁለት አፍ?»

«ሁለተኛው ለቅሬታ ነው። ይህ ጠፋብኝ፣ ያ አልተገኘም፣ ይህን አላውቅም የሚልበት። ማንም ሌላ ነገር ካላዘዘው ጆሮው ኪቦርዱን ይሰማል፣ ሁለቱም አፎቹ ስክሪኑ ላይ ይናገራሉ።»

«ሁለቱም እዚያው ስክሪን ላይ ከተናገሩ መለየታቸው ምን ይረባል?»

«አንዱን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ማዞር ስትፈልጊ ይረባል።»

ይህ ሲገባኝ የመጣችብኝ ምራቴ ናት፣ የልጅቷ እናት። እንግዳ ሲመጣ በራፉ ላይ ትቆማለች። ፊቷን ወደ ሳሎን አድርጋ «ብሉ እንጂ፣ ምነው እጃችሁን ሰበሰባችሁ» ትላለች፤ በዚያው ትንፋሽ አንገቷን ወደ ጓዳ መልሳ «ወጡ አሯል፣ እሳቱን ቀንሱ አላልኩም?» ትላለች። እሷ ቤት አንዱ አፍ ለሳሎን፣ አንዱ ለጓዳ ነው። ግን መሐሉ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሁሉም ሁሉንም ይሰማል። እንግዳው ያረረውን ወጥ እያወቀ ይጎርሳል፣ «ሲጣፍጥ» ይላል። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ከኮምፔንሳቶው ማዶ ድምፅ መጣ።

«እማማ፣ ሰምቻለሁ» አለች ምራቴ።

«ለልጅሽ ትምህርት ነው» አልኳት።

«ትምህርቱን በሌላ ሰው ወጥ ያድርጉት።»

ልጅቷ ሳቋን ውጣ ቀጠለች። የዶሮ አፍ የመሰለች ምልክት አለች፤ እሷን ጽፈሽ የፋይል ስም ካስከተልሽ አንደኛው አፍ የሚናገረው ስክሪኑ ላይ መሆኑ ይቀርና ፋይሉ ውስጥ ይሆናል አለችኝ። ጻፈች። ስክሪኑ ጸጥ አለ።

«አኮረፈ» አልኩ።

«አላኮረፈም። እየተናገረ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ። ያ ደግሞ ምንድን ነው ብላት ቅሬታ ነው አለች። የዞረው አንደኛው አፍ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን የነገረው የለም፣ እንደ ልማዱ ስክሪኑ ላይ ያማርራል። ደግሞም አንደኛው አፍ ወደ ፋይል ሲናገር ቃሉን እያጠራቀመ፣ ሲሞላለት አንዴ ነው የሚያፈሰው፤ ሁለተኛው ግን አያጠራቅምም፣ እንደመጣለት ወዲያው ያወጣዋል።

«ሰው ነዋ» አልኳት። «ምስጋናን እስከ በዓል ያቆየዋል፤ ቅሬታ አፉ ላይ ነው።»

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። የወደቀችበት ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ ሁለቱንም አፎች ወደ አንድ ፋይል አዙሪ ብሏት ነበር። ለዚህ ሁለት ትእዛዝ ያስፈልጋል። አንዱ «አንድ ሆይ፣ ወደ ፋይሉ ሂድ» ነው። ሌላው «ሁለት ሆይ፣ አንድ ወደሚሄድበት ሂድ» ነው። ፋይሉን አስቀድመሽ ካዘዝሽ ሁሉም ነገር ፋይሉ ውስጥ ይገባል። «አንድ ወደሚሄድበት ሂድ» የሚለውን ካስቀደምሽ ግን መልሱ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ቅሬታው እዚያው ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ትክክለኛውን ቅደም ተከተል በቃሏ ታውቀዋለች፤ ፈተናው ላይም በትክክል ጽፋዋለች። ነገር ግን መምህሩ ሁለቱን አፈራርቆ «ይህስ ለምን አይሆንም?» አላት። «ሕጉ ነው» አለችው። «ሕጉስ ለምን?» አላት። ዝም አለች፤ ወደቀች።

«ግን እኮ አኮ» አለችኝ፣ አሁንም እንደተናደደች ናት፣ «ሁለትን አንድ ወደሚሄድበት ሂድ ብዬዋለሁ። ከዚያ አንድ ፋይሉ ውስጥ ገባ። ታዲያ ለምን አይከተለውም?»

እውነቷን ነው አልኳት። ተከተል የተባለ መከተል አለበት፤ ባለጌ ነው። ሁለታችንም በእሱ ላይ ተስማማን። መስማማታችን ግን ለፈተናው አልጠቀማትም።

አሁን ወደ ምርቃቷ ድግስ ልምጣ። ልጅቷ ገና ሳታልፍ ድግስ መጀመራችን ሰው ያስቃል፤ ባሏ ሩቅ ያለ ሴት ቡና አፍልታ እንደምትጠብቀው ማለት ነው። ምን እናድርግ፤ ጎጆ ያለችው ልጄ የድንች ነጋዴ ናት፣ መኪና የምታገኘው በጊዜው ነው። መጀመሪያ የታሰበው ድግሱ ጉደር፣ ታናሿ ልጄ ግቢ እንዲሆን ነበር፤ የአምቦው ቤት ጠባብ ነው። በመካከል የወንዱ ልጄ አከራይ «በግቢዬ ድንኳን ጣሉ፣ ለልጅቷ ነው» አሉ። እኔም ድግሱ ወደ አምቦ ይዙር ብዬ ወሰንኩ። ማን ሾመሽ ብትሉኝ ማንም፤ ስልኩ እጄ ላይ ነበር።

ለድግሱ ሙክትና ድንች የሚልከው የጎጆው ቤት ነው፤ እዚያ ሥራ የተከፋፈለ ነው። ድንች የልጄ ነው፣ ከብት የባሏ። አንዱ በሌላው አይገባም፤ እንዲህ ሆነው ሲኖሩ ተጣልተው አያውቁም። ስለዚህ ሙክቱን ለሱ፣ ድንቹን ለሷ መንገር አለብኝ። ጠዋት ሜዳ ሳይወጣ ብዬ አማቼን አስቀደምኩ።

አማቼ ሰላምታ አያጓድልም። ስልክ ሲያነሳ «አካም ጂርቱ ሀርሜ» ይላል፤ ሀርሜ እናቴ ማለት ነው። ከዚያ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ አምቦ ዝናብ። እኔ ደግሞ ስለ እሱ ልጆች፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ገብሱ እጠይቃለሁ። ይህን ሳያደርጉ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ሌባ በአጥር መግባት ነው። ገብሱ ጋ ስንደርስ ካርዱ ሊያልቅ ሲል የሚጮኸው ድምፅ መጣ። እዚህ አገር ሰላምታው ረጅም፣ ጉዳዩ አጭር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም በአንድ ትንፋሽ «ልጄ፣ በጉ ድንቹ ወደሚሄድበት ይሂድ» አልኩት። «ኤዬ ሀርሜ፣ እሺ» አለ። ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ካርድ ተሞልቶልኝ ለልጄ ደወልኩ። «ድግሱ አምቦ ሆኗል፤ ድንቹ ወደዚህ ይምጣ።» «እሺ እማዬ» አለች። ስልኩን ዘግቼ ምራቴን ጠራሁና በሁለት ቃል ድግሱን ሁሉ እንዳዞርኩት ነገርኳት። እሷም በአንደኛው አፏ አመሰገነችኝ።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ድንቹን ልጠብቅ በራፉ ላይ ቆሜአለሁ። ከአዲስ አበባ በኩል የመጣ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ እኛ ደጅ ቆመ። ጣሪያው ላይ አንድ ሙክት ታስሯል። ግንባሩ ነጭ፣ ላቱ እንደ መከዳ። ከላይ ሆኖ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

«ምን ያለ ሙክት ነው» አልኩት ለረዳቱ። «ለሚበላው ሰው ይባርክለት።»

«አሜን እናቴ» አለና በሩን ደበደበ። ሚኒባሱ ወደ ጉደር ሄደ።

ከሰዓት በኋላ አይሱዙው ድንቹን አራገፈ። ጥሩ ድንች ነው። በግ የለም። ሾፌሩን ብጠይቀው «እኔ የጫንኩት የማይጮህ ብቻ ነው» አለኝ።

ለአማቼ ደወልን። ጆሮዬ ደከም ስላለ ስልኩን የምከፍተው በድምፅ ማጉያ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ምራቴ ከጓዳ፣ ወንዱ ልጄ ከደጃፍ፣ ልጅቷ ከላፕቶፗ ፊት። አማቼ ስለ ልጆቹ ጠየቀ። ስለ ጉልበቴ ጠየቀ። ወንዱ ልጄ ጣሪያውን አየ። ገብሱን አልፈን ደረስን።

«ልጄ፣ በጉስ?»

«በሰላም ደርሷል ሀርሜ። ደውለውልኛል፤ ውሃም ጠጥቷል።»

«የት ደረሰ?»

«ጉደር ነዋ።»

«ድንቹ እኮ አምቦ ነው የመጣው።»

ቀስ ብሎ፣ እንደተከፋ ሰው፦ «ሀርሜ፣ በጉ ድንቹ ወደሚሄድበት ይሂድ ብለውኛል። እኔም ስልኩን እንደዘጋሁ ድንቹ የት ነው የሚሄደው ብዬ ባለቤቴን ጠየቅኩ። ጉደር አለች። ያኔውኑ ለሚኒባሱ ሰው ጉደር ብዬ ነገርኩ።»

«ድንቹ ከዚያ በኋላ ዞረ እኮ።»

«ድንቹ ቢዞር በጉ በምን ያውቃል? በጉን ከድንቹ ጋር አላሰርኩትም። ድንቹ ያን ጊዜ የሚሄድበትን ጠየቅኩ፣ እዚያ ላክሁ።»

ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«አጎቴ፣ እስቲ ይድገሙት።»

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን። በጉ በምን ያውቃል ያሉትን።»

«ልጄ፣ ትቀልጂብኛለሽ?»

«አልቀልድም፣ በእናቴ። አንዴ ብቻ።»

ደገመላት። አንዴ ደግሞ አለችው። ሲደግመው ድምፁ ይበልጥ እየተከፋ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ «ሀርሜ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሰው ታሟል እንዴ?» አለ። ልጅቷ ግን ስልኩን አልጋው ላይ ጥላ ኪቦርዱን ይዛለች።

«ሁለት በጉ ነው አኮ! አንድ ድንቹ ነው!»

«ተረጋጊ፣ ቀስ ብለሽ» አላት አባቷ። ስለ ፈተናው ሲናገር ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

«ሁለትን አንድ ወደሚሄድበት ሂድ ስለው፣ አንድን ሊከተለው አይታሰርም። አንድ አሁን ወዴት ነው የሚያየው ብሎ ይጠይቃል፣ ያንን ቦታ ይይዛል፣ አለቀ። ያን ጊዜ አንድ የሚያየው ስክሪኑን ነው። እኔ ከዚያ በኋላ አንድን ወደ ፋይሉ ባዞረው ሁለት ከየት ይሰማል? አስቀድሜ ድንቹን ማዞር ነበረብኝ። ከዚያ በጉን።»

ጻፈችው፤ ፋይሉ መጀመሪያ፣ በጉ ቀጥሎ። ስክሪኑ ጸጥ አለ፤ ፋይሉን ከፍታ መልሱንም ቅሬታውንም አሳየችኝ። ከዚያ ሁለቱን አፈራርቃ ጻፈችው። ቅሬታው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። «ጉደር ገባ» አለች። ደግማ ደግማ ሞከረችው፤ ቅሬታው ስክሪኑ ላይ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ትላለች። ምራቴ ሳትቀር ሽንኩርቷን እንደያዘች መጥታ አየች።

እኔ ግን የተናገርኩትን አልተውኩም። «ሰው ቢሆን ይከተል ነበር» አልኩ።

ወንዱ ልጄ «ሰው ቢሆን ያስቸግር ነበር» አለና ወደ ግቢው ወጣ።

የበጉ ነገር ግን በዚህ አላለቀም። ታናሿ ልጄ ከጉደር ደወለች። «እማዬ፣ ምን ያለ ሙክት ነው የላክሽልኝ፤ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያየዋል።» እሱ እኮ ወደ አምቦ ነው ብላት «እግዜር ያመጣውን መልሼ አልልክም» አለች። ወንድሟ በግድ መልሺ አላት። «ጎመኔን በልቷል፤ ጎመኑን መልሱልኝና በጉን ውሰዱ» አለችው። እሱ በጉን አምጪ ይላል፣ እሷ ድንቹን አምጡ ትላለች፤ ሁለቱም የሚሰዳደቡት በእኔ ስልክ ነው። እኔ የአንዱን ለሌላው አደርሳለሁ፤ ስድቡን እያለዘብኩ። «ሌባ ነሽ በያት» ሲለኝ «ወንድምሽ ናፍቀሽዋል» እላታለሁ። «ናፍቃኛለች ካለ ለምን ይጮሃል?» ትለኛለች፤ ከኋላዬ ድምፁን ትሰማዋለች።

በዚህ መሐል ወንዱ ልጄ ደክሞት ነው መሰለኝ «ኧረ ድግሱስ መኖሩን ማን አወቀ? መጀመሪያ ትለፍ» አለ።

በእርግጥ ረስተነው ነበር። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ገባች። ተከትያት ገባሁ፤ ቀሚሱ ፊት ለፊት ቆማለች።

«ብወድቅስ አኮ?»

«ብትወድቂ በጉ አንድ ዓመት ይወፍራል።»

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ጎበዝ ነሽ፣ ታልፊያለሽ አላልኳትም። ጎበዝ መሆኗን ታውቃለች፤ የምትፈራው «ለምን» የሚለውን ጥያቄ ነው። ፀጉሯን ሠራሁላት፤ እኔ ስሠራት ትተኛለች።

የፈተናው ቀን በባጃጅ አብሬያት ሄድኩ። ጥበቃው መታወቂያ የለሽም ብሎ ከበሩ አላሳለፈኝም፤ ግን ጥሩ ሰው ነው፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ማን ገብቶብሽ ነው አለኝ። የልጅ ልጄ ናት፣ ትፈተናለች አልኩት። በምን አለኝ። ድንቹ ሲዞር በጉ ለምን እንደማይሰማ ነው የሚጠይቋት አልኩት። ትንሽ አየኝና «ግብርና ናት?» አለ። ኮምፒውተር ናት አልኩት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም፤ ውሃ ብቻ አመጣልኝ።

ቆየች። ሌሎች ልጆች ወጡ፤ እሷ የለችም። መቀነቴ ላይ የቋጠርኩትን ቆሎ ፈታሁ፤ አልበላሁትም፤ መልሼ ቋጠርኩት። ከዚያ ከዛፎቹ መሐል ብቅ አለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ አባቷን ወጥታለች። አጠገቤ መጥታ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ያንኑ ጠየቀኝ» አለች። «ጻፍኩለት። ሠራ። ከዚያ እንደ ባለፈው ሁለቱን አፈራርቆ ይህስ አለኝ። መልሱ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ ቅሬታው ስክሪኑ ላይ ይቀራል አልኩት። ለምን አለኝ።»

«እሺ?»

«ሁለት ሲጠይቅ አንድ ገና ወደ ስክሪኑ ነበር የሚያየው፤ ሁለት የያዘው ቦታውን ነው እንጂ አንድን አይደለም አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ማን ነው እንዲህ ያስረዳሽ አለኝ። ጎጆ ያለው አጎቴ አልኩት።»

«አወቀው?»

«ምን ይሠራል አለኝ። ከብት ያረባል አልኩት። ከዚያ መናገር ጀመርኩ አኮ፣ ማቆም አቃተኝ። በጉን፣ ሚኒባሱን፣ አክስቴን፣ ጎመኑን ሁሉ ነገርኩት።»

«ጎመኑን ምን አመጣው?»

«አላውቅም። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ገብቶሻል አለኝ። ወረቀቱ ላይ ስትጽፊ ግን በጉን አትጻፊው አለኝ።»

«እና?»

«አለፍኩ።»

ይህን ብላ ፊቷን በነጠላዬ ሸፈነች። ጥበቃው ፊቱን አዞረ፤ ጥሩ ሰው ነው ብያለሁ። አቅፌ ግንባሯን ሳምኳት፣ ከዚያ ቆሎውን ፈትቼ ሰጠኋት፤ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር። አፏ ሞልቶ ለአባቷ ደወለች፤ እኔም እንድሰማ በድምፅ ማጉያ።

«አባዬ፣ አለፍኩ።»

ምንም ድምፅ የለም። ኔትወርኩ ጠፋ ብለን ስልኩን አየነው፤ አልጠፋም። ቆይቶ ወንዱ ልጄ ተናገረ፤ ለእኛ ግን አይደለም፣ አጠገቡ ላለው ሰው ነው። «ልጄ አለፈች» አለ። ያ ሰው «ልጁ አልፋለች» ብሎ ለሌላው ነገረ። ያም ኮሪደር ላይ ላለው ሰው በኦሮምኛ ተናገረ። ከዚያ ከሩቅ አንዲት ሴት እልል ስትል ሰማን። ልጅቷ አልዘጋችም፤ አንድም ቃል ሳትጨምር፣ ቆሎዋን እያኘከች፣ ካርዱ እስኪያልቅ ስልኩን ይዛ ሰማች።